ሐንያ በባዶ ሆዷ የበረረች ዕለት

ውድ እህቴ መብሩካ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላህ። ሰላምታዬ መጀመሪያ ለአንቺ፣ ቀጥሎ ለታቀፍሽው ለአዲሱ እንግዳችን፣ ከዚያም ይህን ለሚያነብልሽ ለባልሽ ለቡሐፍስ ይድረስ። ወገብሽ ጠናልሽ ወይ? ወተትሽስ ሞላ? ሕፃኑ ሌሊት ያስተኛሻል? እማማ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? አራስ ሆነሽ ሳለ ተነስተሽ ባልዲ እንደማታነሺ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ስለማውቅሽ ነው። እኔ ከእግሬ እብጠት በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ልጅሽ ሐንያም ትበላለች፣ ትተኛለች፣ እንደ ልማዷም ትቆጣለች።

ቡሐፍስ፣ አንተ ደግሞ ስታነብላት እንዳትዘል። የሚያስደነግጠውን እየተሻገርክ ደስ የሚለውን ብቻ እንደምታነብ አውቃለሁ። ይህኛው ከላይ እስከ ታች ይነበባል።

ከፖስታ ቤት የላክሁላችሁ ቴሌግራም ላይ "ደርሰናል፣ ቀዶ ሕክምናው ተደርጓል" ብዬ ያቆምኩት ከዚያ በላይ የማውቀው ስለሌለኝ ነው። ዛሬም አላውቅም። አሁን አልጀርስ፣ የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ሐንያ ቀኝ ዐይኗ በፋሻ እንደታሸገ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ይፈቱላታል። እስከዚያ እጄ ሥራ ካልያዘ ልቤ ሊወጣ ነው፤ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

አውሎ አሸዋው አድራር ላይ እንዳገተን ሰምተሻል። ከመንደር ስንወጣ የነበረን ትርፍ ቀን ሁሉ እዚያ አለቀ። ጨንቆኝ ከፖስታ ቤት ወደ ሆስፒታሉ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ነርስ፣ "ሐኪሙ ነገ ማታ ወደ አገሩ ይመለሳል። እንደ እሱ ያለ የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ ቀጥታ ወደዚህ ኑ" አለችኝ። እሺ ብዬ ልዘጋ ስል፣ "ቆይ፣ ስሚኝ፤ ከንጋት፣ ከሱብሒ ጀምሮ ከጉንጭ ውሃ በቀር ምንም እንዳትቀምስ" አለች። ወተትስ ብላት ወተትም አለች። ቁራሽ ዳቦስ ብላት ተቆጣች። "ማደንዘዣ ሲሰጣት ሆዷ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ትንፋሿን ይዘጋዋል። ትሞትብሻለች። ገባሽ?" ገባኝ።

አንድ ዓመት መጠበቅ እንደማይቻል ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ። የአድራሩ ሐኪም ያለንን አብረን ሰምተናል፤ የዐይን ሞራው አሁን ካልተነሳላት ዐይኗ ማየትን ሳይለምድ ያድጋል፣ ኋላ ቢከፍቱትም አያይም። እንግዲህ ጭንቀቴን አስቢው። ጠዋት ገና ሳትነቃ እጇን ለዳቦ የምትዘረጋ ልጅ ይዤ፣ እኔም በዕድሜዬ አውሮፕላን ረግጬ የማላውቅ ሴት፣ ሳትበላ ሳታለቅስ ላደርሳት ነው።

ቡሐፍስ፣ የቴምር መጋዘኑን ቁልፎች ስትፈልግ ሰንብተህ ይሆናል። እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። ወንድምህን ጠርጥረህ ከሆነ ይቅርታ ጠይቀው። ሐንያ በጆሮዋና በጣቷ የምትኖር ልጅ ናት፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት ያለፈ አታይም፤ ከጨርቅ አሻንጉሊት ይልቅ የሚንኳኳ ብረት ትወዳለች። ጠጠር የጨመርኩበት ቆርቆሮም ይዤላት ነበር፤ እሱን ፈታሹ ፖሊስ በጥርጣሬ ገላምጦ ቀማኝ። ቁልፎቹን ግን ተውልኝ።

አውሮፕላኑ ገና ሲነሳ ጨዋታውን ጀመርን። በቀኟ በኩል አንኳኳለሁ፣ ጆሮዋን ታዞራለች፣ እጇን ሰዳ ትይዘዋለች፣ ትስቃለች። በግራዋ አንኳኳለሁ፣ እንደገና። ክንዴ ደክሞኝ ዝም ያልኩ እንደሆነ ግን ጨዋታው ያልቃል። ቁልፉ አፍንጫዋ ሥር ቢሆንም አታገኘውም፤ ድምፁ ሲጠፋ እሱም ከዓለም ይጠፋባታል፣ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስለዚህ ማቋረጥ የለም።

ከፊታችን ባለው ወንበር ኮሌታው የተተኮሰ፣ ጋዜጣ የዘረጋ ሰውዬ ተቀምጧል። ዞር አለና፣ "እመቤት፣ አውሮፕላን ተሳፍረን ነው ወይስ ቀጥቃጭ ቤት ገብተን?" አለኝ። ጋዜጣህን አንብብ አልኩት። "ጭንቅላቴን እየቀጠቀጥሽው ምኑን ላንብበው?" አለ። "እንግዲያው ልጅቷን አንተ አጫውታት" ስለው ተመልሶ ጋዜጣው ውስጥ ገባ።

ከዚያ አስተናጋጇ ዳቦና ኬክ እየገፋች መጣች። ሽታው ሲደርሳት ሐንያ ቁልፉን ወረወረችው። "ዳቦ" አለች። ውሃ አቀመስኳት። "ዳቦ፣ ዳቦ፣ ዳቦ።" የእኔንም አልተቀበልኩም፤ እሷ ሳትበላ እኔ በየትኛው ጉሮሮዬ? ከኋላ ያሉት ሴቶች መንሾካሾክ ጀመሩ። አንዷ፣ "ለራሷ ባትበላ ለልጅቷ አትሰጣትም?" ስትል ሌላዋ፣ "የእንጀራ እናቷ ትሆናለች" አለች። ሰማሁ፣ ጥርሴን ነክሼ ዋጥኩት። ከእኔ ባሕርይ ጋር ይህ ምን ያህል እንደከበደኝ ታውቂያለሽ።

አጠገቤ የተቀመጡት ላላ ሚሙና የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ አልጀርስ ልጃቸው ዘንድ መሄዳቸው ነው። እሳቸውም መብረር የመጀመሪያቸው ነው፤ ፍርሃታቸውን ያስታገሱበት መንገድ ግን ለእኔ መከራ ሆነ። ሰማይ ላይ ያለ አፍ ሁሉ አንዳንድ ቴምር እንዲቀምስ፣ በሰላምም እንድንወርድ ሶደቃ ሊሰጡ ተስለዋል። ቅርጫታቸውን ታቅፈው ከወንበር ወንበር ዞሩ። አስተናጋጇ ይቀመጡ ብትላቸው ለእሷም አጎረሷት። ለአብራሪው ሳይቀር ላኩለት፤ ጉንጩ ሞልቶ ነው ያበረረን።

መጨረሻ ሐንያ ዘንድ ደረሱ። እጃቸውን ያዝኩ። ነገሩን ሁሉ፣ ማደንዘዣውን፣ ሐኪሙን፣ አንድም ሳላስቀር አስረዳኋቸው። "ልጄ፣ ሶደቃ እኮ ነው። ሶደቃ ልጅ ይገድላል?" አሉኝ። "ላላ፣ በእናትዎ፣ ስትድን ቅርጫቱን ሙሉ ይስጧት" አልኳቸው። ቅር እያላቸው ተቀመጡ። "አንድ አፍ ጎደለ" ብለው ከራሳቸው ጋር አወሩ።

ሐንያ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ተነስቼ ተሸከምኳት፣ ዘፈንኩላት፣ የወንበር ቀበቶ አስከፈትኳት፣ አስዘጋኋት። ምንም አልጠቀመም። ይህን ጊዜ ባለ ጋዜጣው ዞር አለና የጋዜጣውን አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች ጆሮዋ ሥር ቀደደው። ፀጥ አለች። ሁለተኛውን አስያዛትና አብረው ቀደዱት። ሳቀች። "ስፖርቱ ነበር፣ ይሁን፤ ቡድናችን እንደሁ ተሸንፏል" አለኝ። እንዲያ እያሉ ጋዜጣውን ጨረሱት። በልቤ መረቅኩት።

ተራሮቹ ላይ ስንደርስ ግን አውሮፕላኑ ይወድቅ ይነሳ ጀመር። ሆዴ ወደ አፌ መጣ። ሐንያን ላላ ሚሙና ጭን ላይ አስቀምጬ የወረቀት ከረጢቱ ውስጥ ራሴን ደፋሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ቀና ስል ሐንያ ፀጥ ብላለች። አፏ ይንቀሳቀሳል።

ጣቴን ሰድጄ ግማሽ ቴምር ከላንቃዋ አወጣሁ። ሌላው ግማሽ የለም። ላላ ሚሙና ፍሬውን በመዳፋቸው ይዘዋል። "አንድ አፍ ስለጎደለ እኮ ነው የሚያናውጠን። ሁላችንም ከምናልቅ ብዬ ነው" አሉኝ። መብሩካ፣ ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን አልጽፈውም፤ እማማ ፊት የሚነበብ አይደለም። አሮጊቷ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እኔ ግን አላዘንኩላቸውም።

ባለ ጋዜጣው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግማሽ ቴምር ናት እኮ። እኔ ብሆን ትንፍሽ አልልም። ሐኪሙ ከሄደ ሄደ ነው" አለኝ። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። ስንወርድ የላላ ሚሙና ልጅ በጭነት መኪናው ሆስፒታል ድረስ ወሰደን፤ መንገዱን ሙሉ "ምንም አልቀመሰችም" የሚለውን ቃል ስለማመደው ነበር። ከተናገርኩ ዐይኗ ይቀራል። ካልተናገርኩ ደግሞ ነፍሷ። ግን ግማሽ ቴምር ምን ያደርጋል እላለሁ፣ የነርሷ ድምፅ ይመጣብኛል።

በሩ ላይ ያችው ነርስ ጠበቀችን። "ምን ቀምሳለች?" አለች። ምንም ልል አፌን ከፈትኩ። ሐንያ አንገቴን አቅፋ ጉንጬ ላይ ትተነፍሳለች። ትንፋሿ ቴምር ቴምር ይሸታል። አልቻልኩም። "ግማሽ ቴምር። አሁን፣ ተራሮቹ ላይ ሳለን" አልኳት።

ነርሷ አየችኝና ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ ሐኪሙ አብሯት ነው፤ ረጅም፣ ሸምገል ያለ። ሰዓቱን አየ፣ ሐንያን አየ፣ በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ። ነርሷ፣ "ሻንጣው በር ላይ ነው። ቢሆንም የመጨረሻዋ ትሁን፣ ወደ አመሻሹ እሠራላታለሁ ብሏል። እስከዚያ አንዲት ፍርፋሪ ከቀመሰች ግን አይነካትም። ደግሞ፣ ስለነገረችኝ አመስግኚልኝ ብሎሻል" አለችኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ እንደገና ሙሉ ቀን መጫወት። ላላ ሚሙና አልሄዱም። ልጃቸው ቢለምናቸው፣ "ሐንያ እስክትበላ እኔም አልበላ" ብለው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። የብር አምባሮቻቸውን አወለቁላት፣ አንድ በአንድ ክንዷ ላይ ይሰኩላታል፣ እሷ አውልቃ ታንከባልላለች፣ እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው በእንብርክካቸው እየሄዱ ይለቅማሉ። እኔ ቁልፍ ሳንኳኳ እሳቸው አምባር ያንኳኳሉ። አላናገርኳቸውም። አመሻሹ ላይ ግን አንዱን አምባር ከአግዳሚው ሥር አንስቼ አቀበልኳቸው። በመጨረሻ ሐንያን ከእቅፌ ሲወስዷት ቁልፉን አልለቅ ብላ ነበር፤ ነርሷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቃ መለሰችልኝ።

አዛን አለ። ልነሳ ነው። ዱዓ አድርጉ ብዬ እንዳልጽፍ ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ነገሩ አልፏል። ተመልሼ እጨርሰዋለሁ።

ተመለስኩ። ቡሐፍስ፣ ጽሕፈቱ ቢጣመምብህ ቀስ ብለህ አንብብ።

ትልቁ ሐኪም ሄዷል፤ የፈታችላት ዶክተር ነሲማ የምትባል ያገራችን ልጅ ናት። ፋሻው ሲነሳ ዐይኗ ደም መስሎ ነበር። ሐንያ ጨፍና ጮኸች። ዶክተሯ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መስታወት ዐይኗ ፊት ያዘችላት፤ መነጽሯ እስኪሠራ በዚህ እንሞክር አለችኝ። ጣቷን አወዛወዘች፤ ሐንያ ምንም። መብራት አበራች፤ ፊቷን አዞረች፤ ይህን እንደሆነ ድሮም ታደርገዋለች። ዶክተሯ፣ "አንዳንዴ ጊዜ ይወስዳል" አለች። ሰው ሲያጽናና የሚናገረው ዓይነት አነጋገር ነው።

ቁልፎቹን ከኪሴ አወጣሁና አንኳኳሁ። እንደ ድሮዋ ጆሮዋን አዞረች። ለቅሶዋን ግን አቆመች። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ቁልፎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይነኩ በጡጫዬ ጨብጬ አንዱን ብቻ አስወጣሁ፤ መስኮቱ ብርሃን ላይ ዝም ብዬ ያዝኩት። ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ግራ ወሰድኩት፣ ትንፋሼን ውጬ። አገጯ ወደ ግራ ሄደ። ወደ ቀኝ መለስኩት። አገጯ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ምንም ድምፅ የለም፣ መብሩካ፣ ምንም። እጇን ዘረጋችና ሳትዳብስ ያዘችው። ወደ መስታወቱ አስጠጋችው፣ አንኳኳችው፣ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፣ እንደገና ወደ ዐይኗ መለሰችው።

እኔና ዶክተሯ ተያይዘን አለቀስን። ላላ ሚሙና በየቀኑ እንደሚመጡት ዛሬም በር ላይ ቆመው ነበር። ቅርጫታቸውን ይዘው ገቡና አንድ ቴምር ፍሬውን አውጥተው ለሁለት ከፈሉ። እስከ ሐንያ አፍ ድረስ አድርሰው እጃቸውን አቆሙ፤ ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ አሁን ትብላ?" አሉኝ። ትብላ አልኳቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ይዘገይ ይሆናል ቢሉም ግራ ዐይኗ ሐኪም ሲመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ተቀጥሯል። መነጽሯ ሲደርስ እንመለሳለን። እስከዚያ እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሕፃኑን ግንባሩን፣ ታላቅየውን ለኽድርን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፤ እህቱ ስትመጣ ደብቆ ሊያስደነግጣት እንደማይችል ከአሁኑ ይወቀው። ጎረቤታችን ኡም ሰዕድን፣ የአማቾችሽን ቤት ሁሉ፣ በስም በስማቸው ሰላም በይልኝ።

ቡሐፍስ፣ ስለ ቁልፎቹ። አሁን በጡጫዋ ጨብጣቸው ተኝታለች። አስለቅቄ አልልክልህም፤ ቴምር ካስፈለጋችሁ የመጋዘኑን በር ስበረው።

ታላቅ እህትሽ ራብሓ
አልጀርስ፣ ረጀብ 9 ቀን 1406 ዓመተ ሒጅራ