በሰም የተደፈነው የአይብ ማሰሮ

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ይርጋነሽ፤ ቢቸና።

እንዴት ሰነበቱ እናቴ? ጉልበትዎን ብርዱ ለቀቅ አደረገዎት? ላማችን ቡሬስ ወለደች? እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ፤ ሞጣም ደኅና ናት፤ መድኃኒት የጠፋለት ጓድ ፋንታ ብቻ ነው።

ጓድ ፋንታ የመጋዘናችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። አምና ሰሜኑን የፈጀው ረኃብ ወደኛ ቢመጣ የሚሆን ምግብ አከማቹ በተባልን ጊዜ፣ እርስዎ በቅመም አሽተው ዓመት የሚያቆዩትን አይብ ለሰፈሩ ሴቶች አሳየኋቸው። ከየቤታቸው አዋጥተው ሠላሳ ማሰሮ ሞሉ። እንደ እርስዎ አሠራር ከየማሰሮው ግርጌ ቀዳዳ በስተን፣ አጓቱ ጠብ ጠብ ብሎ እንዲያልቅ በርብራብ ላይ ደረደርናቸው።

ለሥልጠና ደብረ ማርቆስ አንድ ወር ቆይቼ ስመለስ ቀዳዳው ሁሉ በሰም ተደፍኗል! ሰውየው መጋዘን ገብቶ ወለሉ ርሶ ቢያይ፣ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ሲፈስ ቆማችሁ ታያላችሁ ብሎ ጮኾ ቀዳዳውን አስደፈነ አሉ። መጋዘኑን የምትጠርገው ሀብትነሽ፣ ጌታዬ፣ እሱ እኮ አጓት ነው ብትለው፣ ጌታዬ ቀርቷል ጓድ በይ፤ አጓትም ቢሆን የሕዝብ ነው አላት። ይህን የመሰለ ጭንቅላት ነው እኛን የሚያስተምረን።

አይቡ ገምቶ ተደፋ። በስብሰባው ላይ ግን ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ። ጓድ ፋንታ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ይህ የተማረች ሴት የሠራችው የኢኮኖሚ አሻጥር ነው አለ። ግለ ሂስ ጽፈሽ ፈርሚና ሥራሽን ቀጥይ ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ጻፍኩላቸው፤ "ጥፋቴ፣ ጓድ ፋንታ አጓትና አይብ ይለያል ብዬ ማመኔ ነው" ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ታግጃለሁ። የፊታችን ሰኞ ይወስኑብኛል፤ መባረርም እስርም ሊሆን ይችላል።

ወሬውን ሰምተው ሽማግሌ እንዳይልኩብኝ አደራ። ይቅርታ የሚጠይቅ ካለ እሱ ይጠይቅ፤ ያውም እኔን ሳይሆን ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው ያዋጡትን እናቶች። ደግሞ ባዶ እጄን አልሄድም። ሀብትነሽ አንዷን ማሰሮ ከማገዶ ክምር ኋላ ደብቃ ከሰም አትርፋታለች። ትናንት ከፍቼ ቀመስኳት፤ የእርስዎን እጅ ቀመስኩ። ሰኞ እሷን ታቅፌ እገባና ከፊታቸው እከፍታታለሁ። የሚያስሩኝም ከሆነ አይቡን ቀምሰው ይሰሩኝ።

እህቴን ፅጌረዳን ይሳሙልኝ። ለወንድሜ ለይርሳው ስለ እኔ ከማንም እንዳይጣላ ይንገሩልኝ። ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡልዎት ለአጎቴ ለመምሬ ወልደ ኪዳን እጅ እነሣለሁ። ለተማሪዎቻቸው ቅኔ ቢያምራቸው ሰሙን ጓድ ፋንታ አሟልቶ ሰጥቷቸዋል፤ ወርቁ ግን ገምቶ ተደፍቷል ይበሏቸው።

ልጅዎ ባንቺዓለም
ሞጣ፣ ጥር 22 ቀን 1978 ዓ.ም.