ለገበሬና ለሸክላ ሠሪ የማረም ሥልጣን የሰጡት መምህር አዛናው ቢተው ዐረፉ

የወረታ የጽሕፈት ተማሪዎችና አድማጮች ማኅበር መሥራቹና ሰብሳቢው የነበሩት መምህር አዛናው ቢተው በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ላስተማሩበት ኮሌጅ ማኅበረሰብ፣ ለፎገራና ለደራ ሕዝብ በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግሥቱ በትውልድ ቦታቸው በአንበሳሜ ተፈጽሟል። መምህር አዛናው «ለሞተ ሰው ሲጻፍ ሰው ሁሉ አንድ ሰው ይሆናል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ስለዚህ ይህ መግለጫ እርሳቸውን ብቻ እንዲመስል ጥረናል፤ ሳቅ ቢገኝበትም ይቅርታ አንጠይቅም።

መምህር አዛናው በ1956 ዓ.ም. ተወለዱ። በሐሙሲት አካባቢ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ወረታ በሚገኝ ኮሌጅ ጽሕፈት አስተምረዋል።

በ2003 ዓ.ም. ሠልጣኞቻቸውን የርብ ወንዝ ጎርፍ ለጎዳቸው ገበሬዎች ማመልከቻ እንዲጽፉ አሠማሩ። አንድ ሠልጣኝ ለአያ ገብረማርያም የጻፈው «የተከሰተው የተፈጥሮ ክስተት ባሳደረው አሉታዊ ተጽዕኖ ምክንያት» ብሎ የሚጀምር ነበር። አያ ገብረማርያም ሲነበብላቸው «እንዴት ያምራል! የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የእርስዎ ነው ሲባሉም «እኔማ ርብ ሞልቶ ሩዜን ደፈነብኝ ነው ያልሁ። ርብ የት ሄደ?» አሉ። መምህር አዛናው ሠልጣኙን አልተቆጡም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ያስተማርሁት ይህንኑ ነው» ሲሉ በክፍሉ ፊት ተናገሩ።

በ2004 ዓ.ም. የአድማጭ ነጥብ ተጀመረ። ሠልጣኙ ገበሬው፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔው ወይም ሸክላ ሠሪዋ የነገሩትን ይጽፋል፤ መልሶም ያነብላቸዋል። አድማጩ «ብያለሁ» ወይም «አላልሁም» ይላል፤ ከመቶው ሃያውን ነጥብ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ቁጥር መጻፍ ለማይችሉ አድማጮች ሃያ ፍሬ ሽምብራ ታደላቸው፤ የፈቀዱትን ያህል ለሠልጣኙ ቆጥረው ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት ታደለ የተባለ ሠልጣኝ ከሃያው ሃያ ሦስት ፍሬ ይዞ መጣ። መምህር አዛናውም «ሃያ መዝግቤልሃለሁ፤ ሦስቱን ቀቅለህ ብላ» አሉት። አቶ ታደለ ዛሬ ርዕሰ መምህር ሲሆኑ ይህ እንዲጻፍ የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሽምብራው በአድማጩ እጅ በጨርቅ ተቋጥሮ ይመጣል።

በ2008 ዓ.ም. ለአድማጮቹ ራሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የጽሕፈት ትምህርት ተከፈተ። ጥያቄውን ያቀረቡት ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው። «የሰው ልጅ ስንቱን አርሜ፤ አሁንስ ራሴን ልረም እንጅ» ብለው ነበር። ከሸክላ ሠሪ ጋር በአንድ አግዳሚ አንቀመጥም ያሉ ነበሩ። የመምህር አዛናው ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ አቀማመጥ እንደ አመጣጥ ነው። አርፍደው የመጡት ቆመው ተማሩ፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ማንም አላረፈደም። እስካሁን ስድሳ ሦስት ሰዎች በዚህ ክፍል መጻፍ ችለዋል። ብዙዎቹ የራሳቸውን ማመልከቻ ራሳቸው ይጽፋሉ።

በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ክፍሉ ሸክላ ሠሪዎች የሰጡትን ነጥብ «ተቀባይነት የለውም» በማለት የሰባት ሠልጣኞችን ውጤት ቀነሰ። ከሰባቱ አንዷ ከዓመቱ ሠልጣኞች አንደኛ ወጥታ ለረዳት መምህርነት ታጭታ የነበረች የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። መምህር አዛናው አንድ ዓመት ሙሉ ተከራክረው የሸክላ ሠሪዎች ነጥብ እንደገና እንዲያዝ በ2016 ዓ.ም. አስወሰኑ። የሰባቱ ነጥብ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ማኅበሩ ይህን የሚጽፈው ለወቀሳ አይደለም፤ እንዲመለስ ነው።

መምህራችን በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ ጥቅምት 17፣ የአድማጭ ነጥብ «ብቁ ባልሆኑ ግለሰቦች የሚሰጥ በመሆኑ» ከዚህ ዓመት ጀምሮ መቅረቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ ደርሶናል። ማኅበሩ በአሠራሩ መሠረት ደብዳቤውን ለአድማጮች አንብቧል። ወይዘሮ አልጣሽ ከሃያው ሁለት ፍሬ ሰጥተውታል፤ አንዱን ማኅተሙ ስለሚነበብ፣ አንዱን ቀኑ ስላልተሳሳተ። አያ ገብረማርያም በበኩላቸው «ማን እንደጻፈው አልገባኝም፤ ሰው የለበትም» ብለዋል።

የዘንድሮ ሠልጣኞች አርባ ስድስት ናቸው። ነጥቡ እንደማይያዝላቸው ተነግሯቸዋል። ትናንት ቅዳሜ ግን አርባ አንዱ ጽሑፋቸውን ይዘው ወደ አድማጮቻቸው ወጥተዋል። ከሩዙ ማሳ ዳር፣ ከሸማኔው ጉድጓድ አፍ፣ ከአንጥረኛው ወናፍ አጠገብ ተቀምጠው አንብበዋል፤ «አላልሁም» ተብለውም እንደገና ጽፈዋል። ወይዘሮ አልጣሽ ስድስት ጊዜ ያስጻፏት ሠልጣኝ እየሳቀች ተመልሳለች። ያልመጡት አምስቱ አልታመሙም፤ ፈርተው ነው። በሚመጣው ቅዳሜ እንጠብቃቸዋለን።

ማኅበሩ ለመምህር አዛናው ባለቤት ለወይዘሮ ፍሬህይወት፣ ለልጆቻቸው፣ ለወዳጅ ዘመዶቻቸው፣ አብረዋቸው ላስተማሩና ከእርሳቸው ለተማሩ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ምኞታችን ደብዳቤውን ለፈረሙትም ነው፤ እነርሱም ባልደረባቸውን አጥተዋልና።

የኮሌጁ የትምህርት ጉባኤ ማክሰኞ ጥቅምት 25 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በዚሁ ጉዳይ ላይ እንደሚሰበሰብ ተነግሮናል። አያ ገብረማርያምና ወይዘሮ አልጣሽን ጨምሮ አሥራ አንድ አድማጮች የራሳቸውን ማመልከቻ በራሳቸው እጅ ጽፈው፣ ፈርመው ይገኛሉ። የሚመጡት ሊያነቡት ነውና አሥራ አንድ ወንበር ይዘጋጅላቸው።

የወረታ የጽሕፈት ተማሪዎችና አድማጮች ማኅበር
ማስተዋል ሰውመሆን፣ ጸሐፊ (ከሰባቱ አንዷ)
ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ወረታ