ከኩሬው ዳር የተቀበረችው ፕላስቲክ

ቢቸና፣ ግንቦት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለባለ ጠርሙሷ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ትምህርትሽ፣ ያ ዘወትር የምትረሺው ምሳሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ክስ ግን አለኝ። «ተራ ቤት ውስጥም ፕላስቲክ ይሠሩ እንደሆን ልይ» ብለሽ የባክቴሪያ ጠርሙስሽን እኔ ዘንድ ካስቀመጥሽ ወዲህ፣ የቢቸና ድመት ሁሉ ደጄን ደብር አድርጎ ተሳልሞ ነው የሚያልፈው። ጎረቤቴ ፈንታነሽ «ጋሼ፣ ዓሣ ነጋዴ ሆኑ እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ ለድመት ተዝካር ደግሼ ነው» አልኋት።

ጥፋትም አለብኝ። ደብተርሽን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ትምህርት ቤት ባልረግጥም ፊደል አይጠፋኝም። ለባክቴሪያዎቹ ከዓሣ ሆድ ዕቃ የወጣ ዘይት ብቻ እንድሰጥ፣ ሌላውን እንድከለክላቸው ጽፈሻል። ሲቸገሩ ነው ዘይቱን በሆዳቸው ፕላስቲክ አድርገው የሚያከማቹት። ይህ ገብቶኛል። ግን ፋሲካ መጣ። እኔ ገድፌ እነሱ ሲጾሙ ማየት አንጀቴ እምቢ አለ፤ ሁለት ማንኪያ የበግ መረቅ ጨመርሁላቸው። ተባዙ፣ አረፋ ደፈቁ፣ ገሙ። ፕላስቲክ ግን ቅንጣት የለም። የሁለት ወር ልፋትሽን በሁለት ማንኪያ ደፋሁት።

ይህን ሁሉ የቀለድሁት ወደ ዋናው ላለመድረስ ነው። በስልክ ድምፄ ስለሚያጋልጠኝ በጽሑፍ ይሁን።

እናትሽ ደህና አይደለችም። ከጥር ጀምሮ ሞጣ ተኝታለች። ሐኪሞቹ ጉበቷን አይተው ወደ ቤቷ መለሷት። በስልክ «ዓሣ ኩሬው ዳር ነኝ» የምትልሽ አልጋዋ ላይ ሆና ነው። ዓሣዎቹን የሚመግበው፣ ሆድ ዕቃውን የሚያጠራቅምልሽ ጎረቤቷ ሰማው ነው። «ሰኔ ላይ ፈተናዋን ሳትጨርስ ብትነግራት አጥንቴ ይውጋህ» ብላ በጊዮርጊስ አስምላኛለች። በነገር ሁሉ የምቀልደው ሰውዬ በዚህ አንድ ነገር እስከ ዛሬ ቃሌን ጠበቅሁ።

ላማችሁ ቦራ ስትሞት ከሆዷ የወጣውን የፌስታል ቋጠሮ ታስታውሻለሽ፤ ትምህርቱን ያስጀመረሽ እሱ ነው። እናትሽም አልረሳችውም። የመጀመሪያ ሥራሽን፣ ያችን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ፕላስቲክ፣ ግማሿን ከኩሬው ዳር አስቀበረችኝ። በሄድሁ ቁጥር «ቆፍረህ እያት» ትለኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ውሃ እንኳ የምትቀበለው በማንኪያ ነበር።

«በሰበሰች?» አለችኝ።

«ጫፏ ተበልቷል፤ መሃሏ ገና ነው» አልኋት።

ሳቀችና «እንግዲህ እሷና እኔ፣ ማን ይቀድም ይሆን?» አለች። ቀልደኛው አጎትሽ ማንኪያውን አንስቼ ውሃዋን ሰጠኋት።

ስለዚህ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ፈተናው ይቅር። ይህን ወረቀት ዛሬ በባሕር ዳር አውቶቡስ ሾፌር እጅ እልክልሻለሁ፤ በደረሰሽ ቀን ተነሽ። እኔ ጋ እንዳትመጪ፣ ሞጣ ውረጂ። ስለ ጠርሙሱ የምትቆጪኝን ቁጣ አቆይልኝ።

እመብርሃን መንገድሽን ታቅናልሽ። ከእናትሽ ዓይን ጋር ታገናኝሽ።

ጥፋተኛው አጎትሽ

ወረቀቱን ሳላጥፈው በር ተንኳኳ። ሰማው ነው። ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ በዚህ ሰዓት ከሞጣ የሚደርስ አውቶቡስ የለም። ግባ ብለው አልገባም። «ጋሼ» ብሎ ከደፉ ላይ ቆመ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ይህን የምጽፈው ደጅ እንዳቆምሁት ነው።

ኩሬው ዳር የተቀበረችው ያች ቁራጭ ገና እንዳለች ናት።

ደብዳቤውን አልልከውም። ራሴ እመጣለሁ።