አባትሽ ስላጓተተው አካውንት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለናዝሬት ከበበው፣
ሊድስ፣ እንግሊዝ አገር

ናዚዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያ የጀርባ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም አረጋውያኑን ስታነሺና ስታስተኚ ያምሻል? ብርዱስ ለቀቀላችሁ? ምሳሽን እየዘለልሽ እንደማትውዪ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ከማስቸገሩ በቀር ምንም አልሆንኩም። የአባትሽም ስኳር ልኩ ላይ ነው። ልቡን ግን ደህና ነው ብዬ ልዋሽሽ አልችልም፤ ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። በስልክ ስናወራ እሱ አጠገቤ ይቀመጣል፣ አንቺም ወደ ሥራ ትቸኩያለሽ።

እንደምታውቂው ከሄድሽ ጀምሮ አባትሽና አንቺ የምትነጋገሩት በእኔ አፍ ነበር። አንቺ "አባዬ ደህና ነው?" ትይኛለሽ፤ እሱ ከወዲያ ሆኖ "በልታ እንደሆነ ጠይቂያት" ይለኛል። መሄድሽን ስላልወደደ አልሸኝም ብሎ ከቀረበት ቀን ወዲህ በመካከላችሁ የገባው ዝምታ ስድስት ዓመት ቆየ። ከጥምቀት በኋላ ግን ያጠራቀምሽውን ገንዘብ አክሲዮን ልትገዢበት እንዳሰብሽ ነገርሽኝ። የኩባንያዎቹን አክሲዮን ራስሽ አንድ በአንድ እየመረጥሽ የምትገዢበት፣ ትርፉን ግብር የማይነካው አካውንት እዚያ አለ አልሽኝ። አካውንቱን ከሚከፍቱት ብዙ ድርጅቶች ክፍያው ርካሽ የሆነውን መለየት አቃተኝ ስትዪ፣ እኔ ይህን ከየት አውቄ፤ "ቆዪ፣ አባትሽን ጠይቂው" ብዬ ስልኩን እጁ ላይ አስያዝኩት።

ዕድሜውን ሙሉ ግብር ሲያስከፍል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጎረቤታችን ለሜሳ ነገሩን ሲሰማ "አቶ ከበበው፣ አሁን ደግሞ ከግብር ማምለጫ ማስተማር ጀመሩ አሉ" ብሎ ሳቀበት። አባትሽም አብሮት ሳቀ፤ ከሳቀ ስንት ጊዜው። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ሀና ማርያም አስቀድሶ ሲመለስ፣ ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል ብሎ በሩ አጠገብ ወንበር አውጥቶ ጥሪሽን ይጠብቃል። በሳምንቱ ውስጥ ወንድምሽ ሲራክ ከሥራ ሲገባ የየድርጅቱን ገጽ በስልኩ እየከፈተ ያነብለታል። አንዱ ካለሽ ገንዘብ ላይ በመቶኛ ይቆርጣል፤ አንዱ ብትገዢም ባትገዢም በየወሩ ያስከፍላል፤ ሌላው በገዛሽና በሸጥሽ ቁጥር ይቀበላል። ነፃ ነኝ የሚለው ደግሞ የሌላ አገር አክሲዮን ስትገዢ በምንዛሪው ላይ ይቆርጥብሻል። አባትሽ ይህን ሲያስረዳሽ፣ "አባዬ፣ ይህንንስ አላየሁትም" ስትዪ ድምፅሽ እኔ ጓዳ ድረስ ይሰማ ነበር። ሥራዬን ትቼ ቆሜ አዳምጣችኋለሁ።

ትዕግሥትሽ ቢያልቅ አይፈረድብሽም። በየሳምንቱ "አንድ የቀረኝ አለ፣ እስቲ እሱንም ልየው" ይልሽ ነበር። በዚህ መሃል ልትገዢው የጓጓሽለት አክሲዮን ዋጋው ጨመረ። ለፋሲካ ደውለሽ፣ "አባዬ፣ አንድ አካውንት መምረጥ ይህን ያህል አይፈጅም። ትናንት ራሴ ከፍቻለሁ፣ ከእንግዲህ አትድከም" አልሽው። "ጥሩ አደረግሽ" አለና ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ወንበሩንም ይዞ ወደ ቤት ገባ።

በማግሥቱ ሲራክ ጉዱን ነገረኝ። ለካስ አባትሽ ለአንቺ የሚስማማውን ያገኘው ገና በሁለተኛው ሳምንት ነበር። የቀረውን ሁሉ ሲያስነብብ የከረመው እሑድ የሚነግርሽ ነገር እንዳያጣ ነው። ተናድጄ፣ ግቢ ውስጥ ሎሚውን ሲከረክም ደረስኩበትና "ከበበው፣ ልጅቷን ለምን አጓተትካት?" አልኩት። ፊቱን ወደኔ አላዞረም። "ብነግራት፣ እሺ አባዬ አመሰግናለሁ ብላ ትዘጋዋለች። ከዚያ በኋላ ስለምን ታወራኛለች?" አለኝ። ደግሞም አልሸኝም ስላለበት ቀን ሊያነሳልሽ በየሳምንቱ እያሰበ፣ ስለ ክፍያ ሲያወራ ጊዜው እንዳለቀበት ነገረኝ። "ያን ቀን እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ወደ ኤርፖርት ታክሲ ይዤ ሳሪስ ድረስ ሄጄ ነበር፤ እዚያ ወርጄ ተመለስኩ" አለ። እኔም ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር አልነገረኝም።

"ታዲያ ደውልላትና ንገራት" አልኩት። "ምን ብዬ ልጀምር? በዚያ ላይ ገንዘብ አሳጥቻታለሁ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ይተኛል። አንቺም ቅዳሜና እሑድ ሥራ ገባሁ ብለሽ ማክሰኞ ማክሰኞ ለእኔ ትደውያለሽ፤ ያው እንደ ድሮው በእኔ አፍ ሆነ። ምን ያህል እንደሚቆጨኝ አትጠይቂኝ። ሁለታችሁም እየሰማኋችሁ በስልክ ስታወሩ፣ ወሬው ስለ ሌላ ነገር መሆኑን እኔ እናትየው እንኳ አላወቅኩም።

የከፈትሽው አካውንት ክፉ አይደለም ይላል አባትሽ። ብቻ ወር በወር የሚቆርጠው፣ እንዳንቺ ትንሽ ትንሽ ለሚገዛ ሰው ይከብዳል። ወደ ሌላ ልታዛውሪው ብታስቢ ገንዘቡን በእጅሽ አታውጪው፣ አዲሱ ድርጅት ራሱ ያዛውርልሽ፤ አለዚያ ከግብር ነፃ መሆኑ ይቀራል። ይህን ለሲራክ ሲነግረው ሰምቼ ነው። የርካሹንም ስም አውቄዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልጽፍልሽም። እሱን ጠይቂው። ነግሮሽ ሲጨርስ ስልኩን ቶሎ አትዝጊው፤ ዝም ቢልም ጠብቂው። ስለ ሳሪስ እኔ እንደነገርኩሽ አታስመስዪ፣ ራሱ ያንሳው።

ሲራክ በጣም ሰላም ብሎሻል። ባለቤቱ ቤተልሄም የላክሽላት ጫማ ልክ ሆኖላት ትመርቅሻለች። ትንሹ ልጃቸው ክርስቲያን የፊት ጥርሱን ነቅሎ፣ ለአክስቴ ፎቶዬን ላኩልኝ እያለ ያስቸግረናል። ለሜሳና ቤተሰቡም ናፍቀውሻል።

አባትሽ ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ፖስታው ላይ አድራሻሽን በእንግሊዝኛ እንዲጽፍልኝ ሰጠሁትና ከስልኬ ላይ ልፈልግለት ስል፣ "ተዪው" አለኝ። የቤት ቁጥርሽን፣ የመንገድሽን ስም፣ የፖስታ ኮዱንም ሳይቀር በቃሉ ጻፈው።

የምትሳሳልሽ እናትሽ
ወርቅዬ
ለቡ መብራት ኃይል፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.