«ጥርስ» በሚባል ፎልደር ምክንያት ከሥራ ስለ መታገዴ

ለጤና ተቋማት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ኅዳር 9
ጉዳዩ፦ ያለ ጥፋቴ ከሥራ መታገዴን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች የአንድ ጥርስ ክሊኒክ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ነገሬን አላንዛዛም፤ ማንዛዛት የሚያመጣው ጣጣ ከዚህ በታች ይታያል።

1. በክሊኒካችን ማንኛውም ዕቃ የዳይሬክተሩን ሙሉ ማዕረግ እንዲይዝ ታዟል። በሩም፣ የእጅ ፎጣውም ይዟል። የኮምፒውተሩ ፎልደርም «የክቡር ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ልዩ የሥራ ፋይሎች» ይባላል፤ ሶፍትዌር ሁሉ የሚጫነው እዚያ ውስጥ ነው።

2. አዲሱ የራጅ ሶፍትዌር ግን በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ያለበትን ስም አይችልም። ከመጀመሪያዋ ቃል ቀጥሎ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ስሙ ያለቀ ይመስለውና «እንዲህ የሚባል ፎልደር የለም» ብሎ ይቆማል። ሕመምተኞች ደግሞ ጉንጫቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

3. ክፍት ቦታውን በሰረዝ ብሞላው ዳይሬክተሩ ማዕረጋቸውን በአጥር ያጠርኩባቸው መሰላቸው። ቃላቱን ባጣብቃቸው ሲያነቡት ትንፋሽ አጠራቸው። ቢቸግረኝ ከፎልደራቸው ውጭ «ጥርስ» የሚል አዲስ ከፍቼ እዚያ ጫንኩት። ወዲያው ሠራ፤ ወረፋውም ቀለለ።

4. ምስጋና ስጠብቅ «ማዕረግ በመግፈፍ» ተከስሼ ታገድኩ። ዳይሬክተሩ ሲያሰናብቱኝ «እኔ ከጥርስ አንሼ ነው?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሥራዬ ናፍቆኛል። ቤት መዋል ቢያቅተኝ የወጥ ቤቱን ብልቃጥ ሁሉ አውርጄ በፊደል ተራ ደረደርኩት። ባለቤቴ ጨው ፍለጋ ስትዳክር ቆይታ «ወይ ወደ ሥራህ ተመለስ፣ ወይ እጅህን ከዕቃዬ ላይ አንሣ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ወደ ሥራዬ እንድመለስ፣ «ጥርስ»ም ባለበት እንዲቆይ እንዲወስኑልኝ እለምናለሁ። ዳይሬክተሩ ሶፍትዌሩ ዛሬ ከሰዓት እንዲነሣ አዝዘው ነበር፤ ትእዛዙን ያስቀሩትም ራሳቸው ናቸው። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ እንደነገረችኝ፣ ጠዋት ጉንጫቸው አብጦ ራጅ ለመነሣት መጥተዋል። ማን ተብሎ ይመዝገብ ብትላቸው ማዕረጋቸውን ጀምረው መጨረስ አቃታቸው። «እኔ ነኝ፤ ዝም ብለሽ ጻፊ» አሏት።

መልካም ውሳኔዎን ቤቴ ሆኜ፣ ከወጥ ቤት ርቄ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የታገደው የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ