ስለ ሰማንያ ስድስቱ ኩንታል ቺንጋ

ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ተክለ ሃይማኖት ኪዳን
የሰፊ ሜዳ ሩዝ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ወረታ

ጉዳዩ፦ ዘራችን ሰኞ ሰኔ 2 ቀን እንዳይፈለፈል ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለምክትሎችዎ፣ እንዲሁም ባለፈው መጋቢት ለተተከለው አዲሱ የድርጅት አስተዳደር ሲስተም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። የእርስዎ ጤና ለአንድ መቶ አርባ ሠራተኞች፣ የሲስተሙ ጤና ደግሞ ለእርስዎ አስፈላጊ መሆኑን ስለምናውቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሁለታችሁንም በአንድነት እናስባለን።

ይህን የምጽፈው በፋብሪካዎ ሁለተኛ መጋዘን ዘራቸውን በአደራ ካስቀመጡት የቁሐር ሚካኤልና የአካባቢው አርባ አንድ ቤተሰቦች አንዱ በመሆኔ ነው። የእኔ አንድ ኩንታል ብቻ ነው፤ የሁላችንም ሲደመር ሰማንያ ስድስት ይሆናል። አዲሱ ሲስተም ይህ ዘር የፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ነው ብሎ ስላመነ፣ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ወደ መፈልፈያው እንዲገባ መርሐ ግብር አውጥቶለታል። የተፈለፈለ ሩዝ ለድስት እንጂ ለማሳ እንደማይሆን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ለሲስተሙ ግን እስካሁን የነገረው ያለ አይመስልም።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር የሌለውን ነገር ሲስተሙ እንደማያነብ ተነግሮኛል።

1ኛ/ አሮጌውን ፕሮግራም በመቀየርዎ አመሰግናለሁ፤ ይህን የምለው ለአሽሙር አይደለም። አሮጌው ፕሮግራም አሥራ አራት ዓመት አገልግሏል፤ የሚሠራው በአንዲት ኮምፒውተር ብቻ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ የዕለቱን መዝገብ ይረሳል፤ የሐሙሲት ነጋዴ ስንት ከረጢት ሩዝ አላችሁ ብሎ ቢደውል መልሱን የሚያገኘው በማግስቱ ነበር። ሠራተኞቹ «ሽማግሌው» ይሉት ነበር፤ እንደ ብዙ ሽማግሌ አንዳንዱን ነገር አይሰማም፣ አንዳንዱን ደግሞ ሰምቶ ዝም ይላል። አዲሱን የመረጠው ኮሚቴ ስድስት አባላት እንደነበሩትና ስድስቱም ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር በሚገኝ ሆቴል ለሦስት ቀን እንደሠለጠኑ ሰምተን ደስ ብሎናል። የመጋዘኑን ቁልፍ ለአሥራ ሁለት ዓመት የያዙት ወይዘሮ አልጣሽ ግን ወደ ሥልጠናው አልተጠሩም፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት ሥራ ነበራቸው።

2ኛ/ ሽማግሌው ሰምቶ ዝም ካላቸው ነገሮች አንዱ የእኛ ዘር ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የርብ ወንዝ ሞልቶ ውኃው እስከ ጎተራችን በገባ ጊዜ፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጅ ዘራችንን ከፍ ባለው የፋብሪካው መጋዘን እንድናኖር ፈቀዱልን፤ እኛም ከዘርና ከቀለብ የተረፈውን ምርት ለፋብሪካው ለመሸጥ ቃል ገባን። ስምምነቱ በወረቀት አልሰፈረም፤ ምናልባት በዚያ ምክንያት ይሆናል እስከ ዘንድሮ ማንም ያላፈረሰው። እያንዳንዱ ቤት የጆንያውን አፍ የሚያስረው ከእመቤቲቱ ነጠላ ጥለት በተመዘዘ ክር ስለሆነ፣ የማን የትኛው እንደሆነ አከራክሮን አያውቅም።

ችግሩ ሽማግሌው የሚያውቀው ጥሬ ዕቃ፣ ምርት፣ መለዋወጫና የጽሕፈት መሣሪያ የሚባሉ አራት መዝገቦችን ብቻ መሆኑ ነበር፤ የሰው አደራ የሚባል መዝገብ አልነበረውም። በመጀመሪያው ዓመት ዘሩ በጥሬ ዕቃነት ተመዘገበ፤ የጎረቤታችን የአቶ ማረው ሁለት ኩንታልም ተፈልፍሎ፣ ነጥቶና ተበጥሮ በሰኔ ተመለሰላቸው። አቶ ማረው ጆንያቸውን ፈትተው እፍኝ ዘገኑና፣ «ይኸን ብዘራ በኅዳር የተቀቀለ ላጭድ ነው?» ብለው መጠየቃቸውን መጋዘኑ በር ላይ የነበርን ሁሉ እናስታውሳለን። በሚቀጥለው ዓመት ወይዘሮ አልጣሽ መላ አገኙ። በመለዋወጫው መዝገብ ውስጥ «ቺንጋ» የምትል ባዶ መስመር ነበረች፤ ቺንጋ የመፈልፈያውን ሞተር ከማሽኑ ጋር የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ መሆኑን ለአንባቢ አስታውሳለሁ። ዘራችንን በዚያች መስመር ጻፉት። ቺንጋ የሚፈለፍል ፋብሪካ የለምና ዘራችን ለስምንት ዓመት በጥር ቺንጋ ሆኖ ይገባ፣ በሰኔ ቺንጋ ሆኖ ይወጣ ነበር። እንከን ያልነበረው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

3ኛ/ የአሮጌው መዝገብ ወደ አዲሱ ሲስተም የተገለበጠው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሲስተሙ ሰማንያ ስድስት ኩንታል ቺንጋ አልቀበልም አለ፤ ቺንጋ የሚቆጠረው በፍሬ ነውና። ባለሙያዎቹም ኩንታሉን ወደ ፍሬ ቀይረው አስታረቁት። አንድ መፈልፈያ ብቻ ያለው ፋብሪካ ሰማንያ ስድስት ቺንጋ ለምን እንደሚያከማች የጠየቀ አልነበረም። ቀጥሎ በተደረገው ቆጠራ በመደርደሪያው ላይ አንድም ቺንጋ አልተገኘም፤ ወለሉ ላይ ግን በመዝገብ የማይታወቅ ሰማንያ ስድስት ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ተገኘ። ሰማንያ ስድስት ጉድለትና ሰማንያ ስድስት ትርፍ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ተራርቀው ታትመዋል። እርስዎ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ «ሲስተሙ ገና በወሩ የተሰወረ ሩዝ አወጣልን» ባሉ ጊዜ አዳራሹ እንዳጨበጨበ፣ ለስድስቱ የኮሚቴ አባላትም የምስክር ወረቀት እንደተሰጠ ሰምተናል። ዘራችን የምሥራች ሆኖ በመቆጠሩ ኮርተናል፤ ከዚያ በፊት የተጨበጨበለት ዘር አልነበረንም።

4ኛ/ ትርፉ በጭብጨባ ሲታለፍ ጉድለቱ ግን ባለቤት ተፈለገለት። ወይዘሮ አልጣሽ ሰማንያ ስድስት ቺንጋ የት እንዳደረሱ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ በሲስተሙ እንዲያስረዱ ታዘዙ። እሳቸውም ጉዳዩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፉ። ሲስተሙ ለመልስ የፈቀደው ቦታ አርባ ፊደል ብቻ በመሆኑ፣ ለእርስዎ የደረሰው «ቺንጋው ሩዝ ነው፤ ሩዙም የፋብሪካው አይደለም፤ የማን እንደሆነ» የሚለው ነበር። ከሥሩ «መልሱ አልተሟላም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ሁለተኛው መጋዘን ከቢሮዎ በእግር ሁለት ደቂቃ ነው። ይህን የምጠቅሰው ለርቀት መረጃ ያህል ብቻ ነው።

5ኛ/ የወይዘሮ ውባንቺን ጉዳይ ለብቻው አነሣለሁ። ወይዘሮ ውባንቺ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው፤ መሬታቸው ከሁላችንም ዝቅ ብሎ የተኛ ስለሆነ ውኃ መጀመሪያ ይገባበታል፣ መጨረሻ ይለቀዋል። በዚያ የጎርፍ ዓመት ከማሳቸው ሳይበሰብሱ የቀሩት ጥቂት ዛላዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አጫጆች ሳይገቡ ቀድመው ገብተው፣ ውኃ ውስጥ ቆሞ ያልተሸነፈውን ዛላ ብቻ በእጃቸው እየለቀሙ ዘር አድርገዋል። ዘንድሮ ሁለት ኩንታል አላቸው። ይህ ዘር ገበያ ላይ የለም፤ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም የለም፤ ያለው ሁለተኛው መጋዘን ውስጥ፣ በቀይ ክር ታስሮ ነው። ቤትዎ ለምን አያስቀምጡትም ሲባሉ «ቤቴማ ካስቀመጥሁት በግንቦት እኔው ራሴ እበላዋለሁ» ይላሉ፤ ከዚህ የበለጠ ቅን የመጋዘን ጥናት አላነበብሁም።

ወይዘሮ ውባንቺ ዘራቸው ሊፈለፈል መሆኑን ሰምተው ዓርብ ግንቦት 22 ቀን ወደ ፋብሪካው መጡ። እኔም አብሬያቸው ነበርሁ። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛው ደብሬ ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጥቷቸው ዐይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ጠየቃቸው።

«እናቴ፣ ደንበኛ ነዎት ወይስ አቅራቢ?»

«ውባንቺ ነኝ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ከኛ የሚገዙ ነዎት ወይስ ለኛ የሚሸጡ?»

«አልገዛሁም፣ አልሸጥሁም። ያስቀመጥሁትን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«ያስቀመጠ የሚል ምርጫ የለውም እኮ።»

«አንተስ የለህም? አንተ አታውቀኝም? የእናትህን ሠርግ ያሞቅሁ እኔ አይደለሁም?»

ደብሬ ዐንገቱን ደፋ፤ እንደሚያውቃቸውም አመነ፤ ነገር ግን የእሱ ማወቅ የሚገባበት ሣጥን አልነበረም። በመጨረሻ «አቅራቢ» ብሎ መዝግቧቸው፣ ጥያቄያቸው በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚታይ የሚገልጽ ወረቀት አትሞ ሰጣቸው። አሥራ አምስት የሥራ ቀን ሲቆጠር ሰኔ 13 ይሆናል፤ መፈልፈያው የሚነሣው ሰኔ 2 ነው። ወይዘሮ ውባንቺ ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና፣ «የሰኔ ሚካኤል አልፎ በማግስቱ ዱቄት ሊያስረክቡኝ ነው» አሉ። ትክክል አይደሉም፤ ከሩዝ መፈልፈያ የሚወጣው ዱቄት ሳይሆን ፍሬ ነው።

6ኛ/ ይህ አጭር ነው። በየጆንያው ላይ «ጥሬ ዕቃ፤ የድርጅቱ ንብረት» የሚል ተለጣፊ ወረቀት ተለጥፏል። የመጋዘኑ እርጥበት ስላልተስማማው ወረቀቱ በየቀኑ እየረገፈ በየቀኑ ይለጠፋል። ክሮቹ ግን እንደታሰሩ ናቸው።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሽማግሌው ይመለስ የሚል ሰው ከመካከላችን የለም። የምንለምነው ሁለት ነገር ነው፤ ዘሩ ከሰኞው መርሐ ግብር ይውጣ፤ በአዲሱ ሲስተም ውስጥም «የሰው አደራ» የምትባል አንዲት መስመር ትጨመር። ሁለተኛው ጥያቄ ለሲስተሙ አቅራቢ ተልኮ ዘጠና ቀን ሊወስድ እንደሚችል ተገልጾልናል። እንታገሣለን። መጀመሪያው ግን ዘጠና ቀን የለውም፤ ዝናቡ ቀጠሮ የሚይዘው ከእኛ ጋር ብቻ ነው።

ጊዜዎን ሠውተው ይህን ደብዳቤ እንደሚያነቡ፣ ከአርባኛው ፊደልም እንደሚያልፉ በመተማመን፣ ለዘመናዊ አሠራር ያለዎትን ትጋት፣ ለኮሚቴዎ ያለዎትን አክብሮትና ለመጋዘንዎ ያለዎትን ርቀት ከልብ በማድነቅ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

ባምላክ ባየህ
በሁለተኛው መጋዘን የአንድ ቺንጋ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል (አቅራቢ ተብሎ ይመዝገብልኝ)
ለጥበቃ ክፍል
ለወይዘሮ አልጣሽ፣ በእጅ

ድኅረ ጽሑፍ፣ ሐሙስ ግንቦት 28 ቀን፦ ይህን ደብዳቤ አባዝቼ ሳልጨርስ፣ ትናንት ከቀትር በኋላ የመፈልፈያው ቺንጋ ተበጠሰ። ዕቃው ከባሕር ዳር በግማሽ ቀን ተገዝቶ የሚመጣ ነው። የግዥ ክፍሉ ጥያቄ ሲያቀርብ ግን ሲስተሙ፣ ጉድለቱ ገና ከመዝገብ ስላልተሰረዘ፣ በሁለተኛው መጋዘን ሰማንያ ስድስት ፍሬ አለ፤ ስለዚህ ግዥው አያስፈልግም ብሎ ዘጋው። የጥገና ኃላፊው አቶ የሻው የቺንጋ መጠየቂያ ወረቀት ይዘው መጋዘን ሲመጡ፣ ወይዘሮ አልጣሽ ጆንያዎቹን በእጃቸው አሳይተው፣ «ምረጥ የሻው፤ ባለ ቀዩን ክር ግን እንዳትነካ፣ እሱ የውባንቺ ቺንጋ ነው» አሏቸው። አቶ የሻው እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ መፈልፈያው እስካሁን ቆሟል።

ስለዚህ ልመናዬን አሻሽላለሁ። እባክዎ ይህን ስሕተት ቶሎ አያርሙት። ጥበቃዎች ከሲስተሙ የወጣ የመውጫ ወረቀት ካላዩ ምንም ነገር ከበር አያሳልፉም፤ ሲስተሙ ደግሞ ለሩዝ አይፈቅድልንም፣ ለቺንጋ ግን ይፈቅዳል። «ቺንጋ፣ 86» ብለው አንዲት ፊርማ ቢያኖሩልን፣ ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ አሥራ አራት ጋሪ ይዘን በሩ ላይ እንጠብቃለን። ቺንጋዎቹን በዐይንዎ አይተው መዝገቡን ማረጋገጥ ከፈለጉ በነሐሴ ወደ ቁሐር ሚካኤል ብቅ ይበሉ፤ በወይዘሮ ውባንቺ ማሳ ላይ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ያገኟቸዋል።