ብርሃንን በጣት ሙቀት የለኩት የ“ፋኖስ” የሕይወት ታሪክ

ባልደረቦቻቸው “ፋኖስ” ይሏቸው የነበሩት ታላቅ ወንድማችን፣ ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታችን በደብዛዛ አምፖል ሥር የመርፌው ቀዳዳ ሲጠፋባቸው፣ ክሩን የሚያስገቡላቸው እርሳቸው ነበሩ።

በ1972 ዓ.ም. በፊዚክስ ተመርቀው ኤልኢዲ በሚሠራ ፋብሪካ የምርምር ክፍል ተቀጠሩ። በ1976 ዓ.ም. የፋብሪካውን ምግብ አብሳይ አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸው “ምሳ ሰዓት ላይ የሚያስጠብቀኝን ሰው ለመቅጣት ብዬ ነው ያገባሁት” እያሉ ያስቁን ነበር።

ኤልኢዲ በኤሌክትሪክ የምታበራ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ክሪስታል ናት። ብርሃን አታጣም፤ ግን አብዛኛው ከገጿ እየተመለሰ ውስጧ ይቀርና ሙቀት ይሆናል። ወንድማችን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ያንን ብርሃን ለማውጣት ነው። ለዓመታት እርሳቸውም እንደ ሌላው ሁሉ ገጿን መስታወት እስኪመስል ይወለውሉ ነበር። ለካ ብርሃኑን የሚመልሰው ልስላሴው ኖሯል! በ1990 ዓ.ም. በኬሚካል ሲያሻክሩት አለቃቸው “ስንት የለፋንበትን ልታበላሸው ነው?” ብለው ተቆጡ። ክሪስታሏ ግን ከቀድሞው እጥፍ አበራች።

ከዚያችም የተሻለች ሠርተው ብርሃኗን ሳይለኩ፣ በ2004 ዓ.ም. ክፍሉ ተዘጋ። ብርሃን የሚለካው ነጭ ድቡልቡል መሣሪያም ተነቅሎ ተሸጠ። ወንድማችን ያቺን የመጨረሻ ሥራቸውን ከአሮጌዋ ጋር ይዘው ቤት ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ስኳር ዓይናቸውን ወሰደው። ልጆቻቸው “አባዬ፣ በጣም ደምቃለች” ሲሏቸው “ዓይን ይሸነገላል” ይሉ ነበር። አሮጌዋንና አዲሷን በእኩል ኤሌክትሪክ አብርተው፣ አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ብርሃኗ ከወጣላት ሙቀቷ ያንሳላ!

በሽታው ግን ጣታቸውንም አደነዘዘው። ያኔ ባለቤታቸውን “እስኪ አንቺ ንኪያት፣ ቀዝቅዛለች?” ብለው ለመኗቸው። ባለቤታቸውም ዋሽቶ ማስደሰት አልሆነላቸውም፤ “የእኔ እጅ ድስት የለመደ ነው፣ የት ይለየዋል ብለህ ነው” አሉ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወንድማችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ዳግመኛም አልጠየቁም።

ትናንት ማክሰኞ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን የምጽፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ጥለው ሄደዋል። ከሬሳ ሣጥናቸው ራስጌ የምትበራው ያቺው የመጨረሻ ሥራቸው ናት።

ፈጣሪ እዚህ ያልተለካላቸውን እዚያ ለክቶ ይንገራቸው፤ ነፍሳቸውንም ይቀበልልን።